ከዋግምት ወደ ክኒን፦ የደም ግፊት መድኃኒትና የአረጋውያን አንጎል ታሪክ ከጎበሳ ሲታይ

በአርሲ ዞን ሽርካ ወረዳ በምትገኘው በጎበሳና በአካባቢዋ አማርኛ የሚናገሩ አዛውንቶች ለደም ግፊት በሽታ የሚሰጡት ስም «ደም ብዛት» ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤታቸው «ዺባ ዺጋ» ይለዋል፤ ቀጥተኛ ትርጉሙም የደም ግፊት ማለት ነው። በሁለቱ ስያሜዎች መካከል ያለው ርቀት የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። «ግፊት» ያለ ሰው ስለ ቧንቧና ስለ ኃይል ይናገራል። «ብዛት» ያለ ሰው ስለ መጠን ይናገራል፤ የበዛ ነገር ይቀነሳል፣ ከተቀነሰ በኋላም ጉዳዩ ያበቃል። ክኒኑን ለአንድ ወር ውጠው «ደሜ ወርዶልኛል» ብለው የሚያቆሙ አባት ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሕክምና አስተሳሰብ ይዘው ነው የሚመጡት። በካርዳቸው ላይ «ትእዛዝ አይቀበሉም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ አስተሳሰቡ ከየት እንደመጣ መመርመር ግን የበለጠ ይጠቅማል።

ዋግምት በሀገራችን የቆየ ሕክምና ነው። አዋቂው ቆዳውን በምላጭ በጥቶ፣ ቀንድ ደፍቶ፣ የበዛውን ወይም የረጋውን ደም ይስባል። ራስ ምታት፣ የማጅራት ክብደትና የጆሮ ጩኸት የሚያስቸግራቸው ሰዎች ከዋግምት በኋላ ቀለል እንዳላቸው ይናገራሉ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ የሚቆጥር ባለሙያ የራሱን ሙያ ታሪክ አላነበበም። በአውሮፓም ከጋለን ዘመን አንስቶ እስከ 19ኛው ምእት ዓመት ድረስ በድንገት ወድቆ ግማሽ አካሉ ለሰነፈ ሰው ከሚደረጉለት ቀዳሚ ሕክምናዎች አንዱ ደም ማፍሰስ ነበር። ምክንያቱም ያው ነው፤ ደሙ በዝቶ ጭንቅላቱን አጨናንቆታል ተብሎ ይታመን ነበር። የጎበሳው አዋቂና የፓሪሱ ሊቅ በዚያ ዘመን ቢገናኙ ኖሮ ያለ ብዙ ችግር ይግባቡ ነበር።

በሀገራችን ታሪክ ከተመዘገቡት የአንጎል ምት ሕመሞች ሁሉ የታወቀው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ጤናቸው ደረጃ በደረጃ እየተናጋ ሄዶ፣ በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. በደረሰባቸው ከባድ ምት አካላቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ላይ ቆዩ። መንግሥቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከእቴጌ ጣይቱ ወደ እንደራሴው ወደ ራስ ተሰማ፣ ከዚያም ወደ ልጅ ኢያሱ ሲሸጋገር የነበረውን ትግል የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ዘግበውታል። ለሐኪም የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ በተደጋጋሚ ምት፣ በደረጃ ወደ ታች የሚወርድ አካልና አእምሮ፣ በመጨረሻም ለዓመታት የሚዘልቅ አስታማሚ የሚሻ ሕይወት። ይህ ሥዕል ዛሬ በማንኛውም የአርሲ ቀበሌ የሚታይ ነው።

ንጉሡ የደም ግፊት ነበረባቸው ብሎ ከዚህ ዘመን ሆኖ መፍረድ ተገቢ አይደለም። የዘመኑ ሳይንስ ግን የት እንደነበረ ማየት ይቻላል። ጣልያናዊው ሪቫሮቺ በክንድ ላይ የሚታሰረውን የግፊት መለኪያ ይፋ ያደረገው የዐድዋ ጦርነት በተካሄደበት እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮፍ ደግሞ በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። እንግዲህ ቁጥሩን ማወቅ ይቻል ነበር፤ ቁጥሩን ያወቀ ሐኪም ግን የሚሰጠው አንዳች መድኃኒት አልነበረውም። መለኪያው ከመድኃኒቱ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ተወለደ፤ በእነዚያ ሃምሳ ዓመታት ውስጥም አንድ የተሳሳተ ትምህርት ሥር ሰደደ።

ትምህርቱ እንዲህ ይላል፦ ሰው ሲያረጅ የደም ቧንቧው ይደድራል፤ ስለዚህ ደሙ ወደ አንጎል እንዲደርስ ግፊቱ የግድ ከፍ ማለት አለበት፤ ግፊቱን ዝቅ ያደረገ ሐኪም አንጎሉን ያስርበዋል። በሽታው በእንግሊዝኛ «አስፈላጊ» የሚል ትርጉም ሊሰጥ በሚችል ቃል መጠራቱም ይህንኑ እምነት አጠናክሮታል። የላይኛው ግፊት ልክ «መቶ ሲደመር ዕድሜ» ነው የሚለው ስሌት በየሆስፒታሉ ይነገር ነበር። በዚህ ስሌት መሠረት የሰማንያ ዓመት አዛውንት 180 ቢደርሱ ጤነኛ ናቸው።

የዚህ ዘመን መደምደሚያ ሊባል የሚችለው ክስተት ኢትዮጵያንም በጎን ይነካል። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በግብፅ፣ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ውስጥ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ፕሬዚዳንቱ በዚያ ጊዜ በጠና ታመው ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት የመረመራቸው የልብ ሐኪም ብሩን የግፊታቸውን መጠን 186 በ108 ብሎ መዝግቧል፤ የሰጣቸውም ዲጂታሊስ፣ ፌኖባርቢታልና ጨው የቀነሰ ምግብ ነበር። በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን የነበረው ሰው ማግኘት የቻለው ሕክምና ይኸው ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከተገናኙ ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በ63 ዓመታቸው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። ዛሬ በጎበሳ ገበያ በእግራቸው የመጡ እናት በጤና ጣቢያ ሊያገኙት የሚችሉት ክኒን ለሩዝቬልት አልተገኘም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሮች በፍጥነት ተለወጡ። ከሕንድ ዕፅ የተገኘው ሬዘርፒን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወጣ። ክሎሮታያዛይድ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ተዋወቀ፤ ሽንት እንዲበዛ በማድረግ ጨውንና ውኃን የሚቀንስ፣ በአፍ የሚወሰድ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። (ለ«ደም ብዛት» ሐሳብ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ መሆኑ ያስገርማል፤ ሥራውን ለገጠር ሕመምተኛ ለማስረዳትም ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ነው።) ሜቲልዶፓና ፕሮፕራኖሎልም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ143 ወንዶች ላይ የተደረገው ጥናት በጣም ከፍ ያለ ግፊትን ማከም ሕይወት እንደሚያድን ማንም ሊክደው በማይችል መንገድ አሳየ። በ1970 የወጣው ተከታዩ መካከለኛ ግፊት ላላቸው ሰዎችም ጥቅሙን አረጋገጠ።

ይሁን እንጂ ተጠኚዎቹ ሁሉም ወንዶች፣ በአብዛኛውም የመካከለኛ ዕድሜ ሰዎች ነበሩ። የአንጎል ምት በብዛት የሚያጠቃቸው አዛውንቶች ከጥናቱ ጠርዝ ላይ ቀሩ። «መቶ ሲደመር ዕድሜ» የሚለው ስሌት ደግሞ ሌላ ሃያ ዓመት ኖረ።

የአረጋውያኑ ማስረጃ በብዛት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የላይኛው ግፊታቸው ብቻ ከፍ ያለ 4,736 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለአንዱ ወገን በትንሽ መጠን ክሎርታሊዶን፣ ለሌላው ባዶ ክኒን ተሰጠ። በአምስት ዓመት ውስጥ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ከመቶ 8.2 ያህሉ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 5.2 ያህሉ በአንጎል ምት ተመቱ። በዚያው ዓመት የወጣው የስዊድን ጥናት ለእኔ የበለጠ ትርጉም አለው። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆኑ 1,627 ሰዎች የታከሙት በ116 ጤና ጣቢያዎች እንጂ በትላልቅ ሆስፒታሎች አልነበረም። መድኃኒቶቹ የቤታ መግቻዎችና ሽንት የሚያበዙ ክኒኖች ነበሩ። የአንጎል ምት በ47 በመቶ ቀነሰ።

ስዊድን ለአርሲ ሰው እንግዳ ስም አይደለችም። የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አሰላ ላይ ተቋቁሞ ነበር። ዋናው ሥራው ስንዴ፣ ገብስ፣ ማዳበሪያና የወተት ላም ቢሆንም የኅብረተሰብ ጤና ሥራም ነበረው። የዚያ ዘመን የጤና ጭንቀት ሕፃናት፣ እናቶችና ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ፤ መሆንም የነበረበት ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፕሮፕራኖሎል ተካተው ነበር። በዝርዝር ውስጥ መግባትና በገጠር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ዓመቱን ሙሉ መገኘት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሀገራችንን የጤና ታሪክ የለወጠ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ 16 ፓኬጆች ግን ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወባና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲናገሩ ስለ ደም ግፊት የሚናገር ፓኬጅ አልነበራቸውም። በመድኃኒት አቅርቦትም ተመሳሳይ ክፍፍል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የወባ መድኃኒቶችን በለጋሾች ድጋፍ በነፃ ያሠራጭ ነበር፤ የደም ግፊት መድኃኒት ግን በተዘዋዋሪ ፈንድ በኩል፣ ሕመምተኛው ከኪሱ ከፍሎ የሚያገኘው ሆነ። የዕለት ገቢ የሌላቸው አዛውንት በየወሩ ልጃቸውን ገንዘብ መለመን አለባቸው ማለት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ በኋላ መስፋፋቱ ይህን ሸክም በከፊል አቅልሎታል፤ ሆኖም መድኅኑ የሚሠራው መድኃኒቱ በተቋሙ ውስጥ ሲኖር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ጤና ጣቢያዎቻችን የዕድሜ ልክ ሕክምና አያውቁም ማለት ትክክል አይደለም። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ቀጠሮ መዝገብ መያዝን፣ የቀረን ሰው በአድራሻው መፈለግን፣ በየወሩ ክኒን መቁጠርንና «ደህና ብትሆንም አታቋርጥ» ማለትን ተምረናል፤ አስተምረናልም። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ነርስ እጅ የሚታከሙ የደም ግፊት ሕመምተኞች ግን በብዙ ቦታ ይህ ሁሉ ሥርዓት አልደረሳቸውም። በአርሲ ደጋ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ የበለጠ የገረመኝ ይኸው ነው። እውቀቱ ከግድግዳው ማዶ ነበር።

አረጋውያን በቆጠራም ተዘልለዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ሀገር አቀፍ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከመቶ ሰዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ጥናቱ የያዘው ግን ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ነው። ሰባ የሞላቸው ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

አሁን ወደ አንጎል እንመለስ። አማርኛችን «ጃጀ» የሚል ቃል አለው፤ ቃሉን የምንጠቀመው ነገሩ የዕድሜ ፍርድ እንጂ በሽታ እንዳልሆነ አድርገን ነው። መርሳትና መቃዠት ከጀመሩ አዛውንቶች መካከል የከፊሎቹ ችግር ግን ማንም ሳያያቸው በተደጋጋሚ ከደረሱ ትናንሽ የአንጎል ምቶችና ከደደሩ ረቂቅ የደም ቧንቧዎች የመጣ ነው። ይህን በመድኃኒት መከላከል ይቻላልን? እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የአውሮፓ ጥናት ግፊታቸው በኒትሬንዲፒን ላይ በተመሠረተ ሕክምና በተቀነሰ አረጋውያን ዘንድ የመርሳት በሽታ በግማሽ እንደቀነሰ ዘገበ። ዜናው ታላቅ ነበር፤ ቁጥሩ ግን 21 ሰዎች ከ11 ጋር የተነጻጸሩበት ትንሽ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣው የአሜሪካ ጥናት ከ9,300 በላይ ሰዎችን ይዞ የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ለማውረድ ሲሞክር፣ ቀላል የማስታወስ ድክመትን በ19 በመቶ ቀነሰ፤ በመርሳት በሽታው ላይ ግን ልዩነቱ ለማረጋገጥ የሚበቃ አልሆነም።

በጣም ያረጁትንስ ማከም ይገባል ወይ የሚለው ክርክር የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆነ 3,845 ሰዎች በአውሮፓ፣ በቻይና፣ በአውስትራሊያ አካባቢና ከአፍሪካ በቱኒዝያ ተሳተፉ። ኢንዳፓማይድ ተሰጣቸው፤ ሲያስፈልግም ፔሪንዶፕሪል ተጨመረ። በማናቸውም ምክንያት የሚደርስ ሞት በ21 በመቶ ቀነሰ። ከዚህ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ፦ ቆመው ሲለኩ የላይኛው ግፊታቸው ከ140 በታች የሆነ ሰዎች አልተካተቱም፤ ግቡም 150 በ80 ነበር። ስለዚህ ማስረጃው ሲቆሙ ለሚያዞራቸው አዛውንት ያለ ገደብ አይሠራም። አረጋዊን አስቁሞ መለካት ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ወረፋ በበዛበት ቀን ግን ቀድሞ የሚቀረው እርሱ ነው።

የትኛው መድኃኒት? እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው፣ 33,357 ሰዎችን የያዘው የአሜሪካ ጥናት ርካሹ ክሎርታሊዶን ከአምሎዲፒንና ከሊዚኖፕሪል እንደማያንስ አሳየ። ከተሳታፊዎቹ ሲሶ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ሊዚኖፕሪል የተሰጣቸው ክሎርታሊዶን ከተሰጣቸው ይልቅ በ40 በመቶ በበለጠ በአንጎል ምት ተመትተዋል። የጥቁር አሜሪካዊ ውጤት በቀጥታ ለአርሲ ገበሬ ይሠራል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ኢናላፕሪልን ብቻውን የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ ለአረጋዊ ከመጻፍ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ሽንት የሚያበዛው ክኒንም የራሱ ዋጋ አለው፤ በአረጋውያን ደም ውስጥ ሶዲየምን ዝቅ አድርጎ መቃዠት ሊያመጣ ይችላል፤ ቤተሰቡም «ጃጁ» ይላል።

የመድኃኒት ታሪክ የመጨመር ብቻ አይደለም፤ የመተውም ታሪክ አለበት። አስፒሪን «ደም ያቀጥናል» ተብሎ ለብዙ አዛውንቶች ያለ ልዩ ምክንያት ሲታዘዝ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 ጤነኛ አረጋውያንን የያዘው ጥናት በቀን 100 ሚሊ ግራም አስፒሪን የመርሳት በሽታን እንዳልቀነሰ፣ ከባድ የደም መፍሰስን ግን በ38 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። አንድ ጊዜ በደም መርጋት ምክንያት የአንጎል ምት ለደረሰበት ሰው አስፒሪን ዛሬም ይገባል፤ ምት ላልደረሰበት አዛውንት ግን «ለመከላከያ» ብሎ መስጠት ማስረጃው የሚደግፈው አይደለም። በዚህ ረገድ አሜሪካዊው ሐኪም ቢርስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያስጀመረው ለአረጋውያን የማይመቹ መድኃኒቶች ዝርዝር በየጊዜው እየታደሰ ይወጣል። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙዎቹ በገጠር መድኃኒት ቤቶቻችን በየቀኑ የሚሸጡ ናቸው፦ ለእንቅልፍ ዲያዜፓም፣ ለጉንፋን ክሎርፌኒራሚን፣ ለስኳር ግሊቤንክላማይድ። ዲክሎፌናክ ደግሞ ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ለሳምንታት ይወሰዳል፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሽንት የሚያበዛውንም ክኒን ሥራ ያዳክማል። የግፊት መድኃኒቱ «አልሠራም» ሲባል ሁለተኛ መድኃኒት ከመጨመር በፊት አረጋዊውን «ለጉልበትዎ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በኪሳቸው ወይም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ እንዲያወጡ መጠየቅ ደግሞ ከማንኛውም ቅጽ የበለጠ መረጃ ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለጎበሳ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ከቻይና ገጠር የመጣው ነው። በ326 መንደሮች ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ 33,995 ሰዎች ተመዘገቡ። በግማሹ መንደሮች የመንደር ሐኪሞች፣ ረጅም የስፔሻሊስት ሥልጠና የሌላቸው ባለሙያዎች፣ ቀላል መመሪያ ይዘው፣ መድኃኒት በነፃ ወይም በቅናሽ እየሰጡ፣ ሕመምተኛው ቤቱ ውስጥ ግፊቱን እንዲለካ እያገዙ አራት ዓመት ያህል ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ውጤት በእነዚህ መንደሮች የመርሳት በሽታ በ15 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን ገለጸ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የአንጎል ሐኪም፣ የአንጎል ምስል ማንሻም አልነበረም። ያስፈለገው መለኪያ፣ የማይቋረጥ ክኒንና የሚያውቁት ሰው ነበር።

የእኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አዛውንቶቹን በስም ታውቃለች። እርሷ የማታገኘው ክኒኑን ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግር የሚመጡ አረጋዊ ለአንድ ወር ብቻ ሲታዘዝላቸው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ መመላለስ አለባቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃውና ወንዙ ያስቀራቸዋል፤ መስከረም ላይ ሲመለሱም ግፊታቸው ከጀመሩበት ቁጥር ላይ ነው። ግፊታቸው ለተረጋጋ ሕመምተኞች በሰኔ መጨረሻ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም፤ በኤች አይ ቪ ክሊኒክ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ አሠራር ነው።